ከደጃችን ባሕር ይታያል

የማስተዋል ስልክ የመጣው ሰኞ ጠዋት፣ ክፍል ልገባ ጠመኔ እያነሣሁ ሳለ ነው።

«አባዬ አረፉ» አለችኝ። አላለቀሰችም። ሌሊቱን ሙሉ ለብዙ ሰው ይህንኑ ስትናገር ያደረች ይመስል ነበር። «ትናንት ከቅዳሴ መልስ ጋደም ልበል አሉ፤ በዚያው ቀሩ። ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አንቺ አትደርሺም፣ ለሣልስቱ ነይ።»

ጠመኔውን መልሼ አስቀመጥሁ። ከደሴ ደብረ ታቦር በመኪና ሙሉ ቀን ነው። ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ ተነሥተው ቆሙ፤ ቁጭ በሉ ማለቱን ረስቼ እኔም አብሬያቸው ቆምሁ። ልቤ እዚያ አልነበረም። ጭጋግ ውስጥ፣ እርጥብ ሣር ላይ፣ ከፊት ከፊቴ የሚሄድ የአንድ ረዥም ሰው ጀርባ እያየሁ ነበር።

አያ ዳኘውን ያወቅኋቸው በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ደብረ ታቦር ጂኦግራፊ እንዳስተምር ተመድቤ ስሄድ ነው። ደርግ ከወደቀ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የተከራየኋት አንዲት ክፍል እሳቸው ግቢ ውስጥ ነበረች። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ የሚኖሩት ልብስ ከምትሰፋው ከልጃቸው ከማስተዋል ጋር ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስልክ መስመር ሠራተኛ ሆነው ሠርተዋል። ከከተማው ተነሥቶ በየአገሩ የሚዘረጋውን ሽቦ በእግራቸው ተከትለው ይሄዳሉ፤ ነፋስ የበጠሰውን፣ ዛፍ የጣለውን ምሰሶ ላይ ወጥተው ይጠግናሉ። እኔ ስደርስ ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቢሆንም ቅዳሜና እሁድ፣ በዓልም በመጣ ቁጥር ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በሶ ቋጥረው፣ ዱላቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። የት እንደሚሄዱ ማስተዋልም አትጠይቃቸውም።

በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ከበር ላይ ተገናኘን።

«ጂኦግራፊ ነው አሉ የምታስተምሪ?» አሉኝ።

«አዎን።»

«የየትኛውን አገር?»

«የዓለሙን በሙሉ።»

«ጋፋትን አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያስ ዓለሙ ይቆየን» ብለው ቀድመው ወጡ። መጫሚያዬን አጥልቄ ተከተልኋቸው።

ያን ጠዋት ከከተማው ወጥተን በጋፋት በኩል ስንሄድ ጭጋጉ ከወገባችን በታች ነበር። ላሞች ሲግጡ ጀርባቸው ብቻ ይታያል፤ እግር የሌላቸው ይመስል በዝግታ ይንሳፈፋሉ። አንድ ገበሬ ከየት እንደሆነ ሳይታይ «እንዴት አደራችሁ» አለን። እሳቸውም ወደ ድምፁ ዞረው እጅ ነሥተው መለሱ። የተጫነ አህያ ሲመጣ ከመንገድ ወጥተው ያሳልፋሉ። ቤተ ክርስቲያን ባለበት ሁሉ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፤ በጭጋጉ ምክንያት እኔ አንዱንም አላየሁም፣ እሳቸው ግን ተራ በተራ «ይኼ ጊዮርጊስ ነው፣ ያ ማርያም ናት» ይሉኛል። ምንጩን፣ ጉብታውን፣ ብቻዋን የቀረችውን ጥድ ሳይቀር በስሟ ያውቋታል።

አንድ አሮጌ የስልክ ምሰሶ ዘንድ ስንደርስ ቆሙ። ሽቦው ከላይ አለ፣ ሥራ ግን ካቆመ ቆይቷል። ጆሮአቸውን ከእንጨቱ ላይ ለጥፈው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ነይ ስሚ» አሉኝ።

ጆሮዬን ለጠፍሁ። ከሩቅ፣ ከምድር ውስጥ የሚወጣ የሚመስል ረዥም ዜማ ነበር።

«ማን ነው የሚያወራ?»

«ማንም። ነፋሱ ነው ሽቦውን የሚመታው» አሉ። «እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሰው ነው እያልሁ ሰማሁት።»

ከዚያ ቀን በኋላ በየሳምንቱ አብሬያቸው መሄድ ጀመርሁ። ቀስ ብለው ነበር የሚሄዱት፣ ግን አያርፉም። ስንት ሰዓት ይቀረናል ብዬ ስጠይቃቸው «እግርሽን እንጂ ሰዓቱን አትቁጠሪ» ይሉኛል። መንገድ ሲጠፋን አይደነግጡም። «መንገድ የሚጠፋው ለሚያፍር ነው» ይሉና ያገኙትን ሰው ይጠይቃሉ። በጉና በኩል የገብሱ ማሳ በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ ቆመን አይተናል። ከአንበሳሜ በላይ ካለ ጉብታ ላይ ጣና ከሩቅ እንደ ተጣለ የብር ክር ሲያበራ አይተናል። እንዲህ ያለ ቦታ ስንደርስ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ረዥም ጊዜ ያያሉ። ከዚያም በአቅራቢያው ወዳለው ቤት ሄደው ሰላምታ ይሰጡና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይጠይቃሉ።

«ከደጃችሁ ባሕር ይታያል?»

ይታያል ከተባሉ ቀጥለው «በዚህ መንደር የሺ የምትባል እናት አለች?» ይላሉ።

መጀመሪያ የዘመድ ፍለጋ መሰለኝ። ኋላም የሽማግሌ ልማድ ነው ብዬ ተውሁት። ባሕርም የሚታይበት፣ የሺም ያለችበት መንደር አላገኘንም፤ እስከዚያች የአንበሳሜ ቅዳሜ ድረስ።

ገበያ ቀን ነበር። ከገበያው ትንሽ ራቅ ብሎ ካለ መንደር አንድ ሰው «አዎ፣ የሺ አለች፤ ያቻት ጤፍ የምታበጥረው» አለን።  አያ ዳኘው ሄደው ሴትዮዋን በቀስታ «የጠፋ ልጅ ነበረሽ?» አሏት።

ሴትዮዋ ሰፌዱን ለቀቀችው። ጤፉ መሬት ላይ ፈሰሰ። «አገኛችሁት?» አለች። «ሙሉጌታን አገኛችሁት? አለ?» እጃቸውን ይዛ፣ ክንዳቸውን ይዛ፣ ፊታቸውን እያየች። አያ ዳኘው ስሙን ሲሰሙ ዐይናቸውን ጨፈኑ። የሚፈልጓት ሴት እሷ አልነበረችም። የእሷም ልጅ በጦርነቱ ጊዜ ሄዶ ያልተመለሰ ነው፤ ስለሱ የሚያውቅ ሰው ግን የለም። እሳቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ጤፉን ከአፈሩ እየለዩ መልቀም ጀመሩ። እሷም ተቀመጠች። እኔም ተቀመጥሁ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሦስታችንም ጤፍ ለቀምን።

ስንመለስ፣ መንገዱን አጋምሰን አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። መንገድ ላይ ለማረፍ ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ እንግዲህ ላንቺ ልንገርሽ» አሉ።

ነገሩ የሆነው ደርግ ሊወድቅ ሲል ነው። ጦርነቱ ደብረ ታቦር አካባቢ ነበር። ወደ ጉና የሚሄደው መስመር ተበጠሰና እንዲጠግኑ ታዘዙ። በማግስቱ ሽቦውን ተከትለው ሲሄዱ አንድ ጥድ ሥር የቆሰለ ወታደር ወድቆ አገኙ። ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነው። ሆዱን ተመቷል። ጓዶቹ ትተውት አልፈዋል።

«ስሜ አስማረ ነው፣ እናቴ የሺ ትባላለች አለኝ» አሉ አያ ዳኘው። «‹ተቆጥቼ አልሄድሁም፤ ገመድ ልገዛ ገበያ ወጥቼ ነው የያዙኝ በልልኝ› አለኝ። አገርህ የት ነው አልሁት። ‹ከደጃችን ቆመው ሲያዩ፣ ጠዋት ጠዋት ባሕር ይታያል› አለ። የመንደሩን ስም ንገረኝ ስለው ውኃ ለመነኝ። ኮዳዬ ባዶ ነበር። ቆይ መጣሁ ብዬው ወደ ወንዙ ሮጥሁ።»

ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። 

«ስመለስ አልፏል» አሉ። «ውኃውን እንደያዝሁ ቆምሁ። የመንደሩን ስም ሳልሰማ ሄድሁ፤ ውኃውንም አላደረስሁለት። ሁለት ገበሬ ጠርቼ ከዚያው ካለች ሚካኤል አስቀበርሁት።»

«ለምን ለሰው አልነገሩም? በየገበያው ቢያስነግሩ ኖሮ እኮ ወሬው ይደርሳት ነበር» አልኋቸው።

«መርዶ ገበያ አይወጣም» አሉኝ። «ወሬ አፍ ሲዞር መልኩ ይለወጣል። ‹ልጅሽ ሞቷል› የሚለው ይደርሳት ነበር። ‹ተቆጥቼ አልሄድሁም› ያለው ግን መንገድ ላይ ይቀራል። እሱ የላከኝ ኋለኛውን ነው።»

ያን ጊዜ ልጁ ከሞተ አሥራ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ሥራ ላይ እያሉ በየበዓሉ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ፣ ጣና የሚታይበትን አገር ሁሉ ደጅ ለደጅ ሄደዋል። ለማስተዋል እንኳ አልነገሯትም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሌላ ሆነብኝ። ጉብታ ላይ ስንወጣ እኔም እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ ማየት ጀመርሁ። ክረምቱ ገብቶ ሲወጣ የአያ ዳኘው ጉልበት ከዳቸው። ቁልቁለት ሲሆን ዱላቸውን አስቀድመው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው ይወርዳሉ። አንድ ቀን «ከዚህ ወዲያ ያላየሁት ቤት የለም» አሉ። «ወይ ሞታለች፣ ወይ አገር ለቃለች፤ ወይም እኔ በደጇ አልፌአለሁ።»

የመስቀል በዓል ሲደርስ ትምህርት ተዘጋ። እኔ እብናትን አላየሁም ነበርና እንሂድ አልኋቸው።

«እዚያ ምን አለ? ባሕር የለም» አሉኝ።

«ለእኔ ብለው።»

ሣቁ። ሲሥቁ ድምፅ የላቸውም፣ ትከሻቸው ብቻ ይነቃነቃል። «እሺ፣ ላንቺ። ይኼኛው ረዥም መንገዴ የመጨረሻዬ ነው» አሉ።

ሁለት ቀን በዝግታ ሄድን። ያን መንገድ ዛሬም በሕልሜ እሄደዋለሁ። አደይ አበባው ገና አልረገፈም። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ወንዙን ስንሻገር ልጃገረዶች ልብስ እያጠቡ ይዘፍኑ ነበር፤ ዘፈናቸው ዳገቱን እስክንጨርስ አብሮን ወጣ። አያ ዳኘው ማንንም ምንም አልጠየቁም። ባሕር ፍለጋ አልነበረማ። በሁለተኛው ቀን ሲመሽ፣ ደጋው አልቆ ምድሩ ወደ በለሳ ቆላ ገደል ሆኖ ከሚወርድበት አፋፍ ላይ ካለ መንደር ደረስን። የውብዳር የምትባል ወጣት ሴትና ባልዋ «የእግዜር እንግዳ» ብለው አስገቡን፤ እግራችንን አጠቡን፣ አበሉን፣ ተኛን።

ጠዋት የነቃሁት በየውብዳር ድምፅ ነው። በሩን ከፍታ ቆማ ለባልዋ «ዛሬስ ባሕሩ ሞልቷል፤ ከብቱን ቆይተህ አውርድ» ትለዋለች።

አያ ዳኘው ከመደቡ ላይ ተነሥተው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ሳይደርቡ፣ ጫማ ሳያደርጉ ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ።

ከደጁ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ምድሩ ያልቃል። ከዚያ በታች ያለው ቆላ በሙሉ በጭጋግ ተሞልቷል፤ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ማዶው የማይታይ። የተራሮቹ ጫፍ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብሏል። ፀሐይዋ ከወዲያ ስትወጣ ወለሉ ላይ የወርቅ መንገድ ዘረጋች። ነፋስ ሲመጣ ዳር ዳሩ ማዕበል ይመስል ከገደሉ ጋር እየተላተመ ይመለሳል።

«ይኼን ነው ባሕር የምትሉት?» አሏት የውብዳርን። 

«እኛ ስንወለድም ባሕር ነው ስሙ» አለች። «ረፋድ ሲሆን ይደርቃል። ምነው አባባ፣ አመመዎት?»

«በዚህ መንደር የሺ የምትባል እናት አለች?»

«እመት የሺ? አሉ እንጂ። ያ፣ ቁልቋሉ ያለበት ቤት ነው።»

ቤቱ ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል። ጢሱ በክዳኑ ላይ ይወጣል። የሚሮጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደው ግድግዳውን ተደገፉ።

«ልጅ ነበራቸው?» አልኋት እኔ በእሳቸው ፈንታ።

የውብዳር አየችን፣ ገባትም። ነጠላዋን ወደ አፏ አመጣች። «አስማረ» አለች። «ብዙዎች እንደ ወጡ ሲቀሩ መንደሩ ለቅሶ ተቀመጠላቸው። እመት የሺ ግን እምቢ አሉ። ‹የእኔ ልጅ ተቆጥቶ ነው፤ ሲበርድለት ይመጣል› ይላሉ። እስካሁንም እንደዚያ ናቸው።»

ባልዋ ቄሱንና ሁለት ሽማግሌዎች ጠራ፤ መርዶ ብቻን ሆኖ አይነገርምና። አያ ዳኘው ሰዎቹ እስኪመጡ ድረስ እዚያው ግድግዳ ሥር ቆመው ጠበቁ።  «ላገኛት አሥራ አራት ዓመት ለመንሁ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አሁን ደግሞ ባላገኛት እላለሁ።»

እመት የሺ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ትንሽ፣ ቀጭን፣ ወገባቸው ያልጎበጠ ሴት ናቸው። ቄሱን ከፊት፣ ሽማግሌዎቹን ከኋላ ሲያዩ እንዝርቱን አስቀመጡ።

«ግቡ ልላችሁ ነበር፣ ለእንዲህ ያለ ነገር ግን ደጅ ይሻላል፤ ቁጭ በሉ» አሉ። «መርዶ ነው። መርዶውን እኔም አውቀዋለሁ። የማላውቀው ሌላ ነው።» ከዚያ ከሁሉ መካከል የማያውቋቸውን አያ ዳኘውን ለይተው አዩ። «አንተ ነህ ያየኸው?»

«እኔ ነኝ እመይቴ።»

«ተቆጥቶብኝ ነው የሄደው?»

አያ ዳኘው መሬት ላይ ተንበረከኩ። ያን ሁሉ ዓመት ሲሸከሙት የኖሩትን ቃል፣ አንድም ሳይጨምሩ አንድም ሳይቀንሱ አወረዱት። «‹ተቆጥቼ አልሄድሁም፤ ገመድ ልገዛ ገበያ ወጥቼ ነው የያዙኝ በልልኝ› አለኝ።»

«ገመድ ነው ያለህ?»

«ገመድ ነው ያለኝ። የምን ገመድ እንደሆነ እኔ አላውቅም።»

እመት የሺ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«በሬው የጎረቤት ገብስ ውስጥ ገብቶ ነበር» አሉ። «ለምን አላሰርኸውም ብዬ ጮህሁበት። ገመዱ ተበጥሷል አለኝ። ሰበብ መስሎኝ፣ ከዐይኔ ጥፋ አልሁት።» ድምፃቸው አልተለወጠም። «ጠፋ። እኔ ነኝ ጥፋ ያልሁት እያልሁ ኖርሁ። እሱ ለካ ገመድ ሊገዛ ነው።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

«ሲሞት ብቻውን ነበር?» አሉ ደግሞ።

ይህችን ጥያቄ ሲሰሙ አያ ዳኘው ወደ እኔ አዩ። አብሬው ነበርሁ ማለት ይችሉ ነበር። ውኃ ጠጥቶ ነው ያረፈ ማለት ይችሉ ነበር፤ የሚያውቅ ሰው ከእኔ በቀር አልነበረም፣ እኔም ባሉ እያልሁ ነበር።

«ውኃ ለመነኝ» አሉ። «ላመጣለት ወደ ወንዝ ወረድሁ። ስመለስ ሞቷል። አልደረስሁለትም፣ እመይቴ።»

 እመት የሺ እጃቸውን ዘርግተው በአያ ዳኘው ራስ ላይ አደረጉ፣ ልክ ለሕፃን ልጅ እንደሚደረገው።

«ውኃ ሊያመጣለት የሚሮጥ ሰው ከነበረው ብቻውን አልሞተም» አሉ።

ያን ጊዜ ተነሡ። ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱና፣ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የልጃቸውን ስም ጠርተው እርሙን አወጡ። የውብዳር ተቀበለች። ከላይ ቤት ተሰማ፣ ከታች ቤት ተሰማ፤ ሰው እየሮጠ መጣ፣ ደጁ ሞላ። አያ ዳኘው ከለቅሶው ወጥተው አፋፉ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ጭጋጉ እየሳሳ ነበር። በመጀመሪያ አንድ ዛፍ ታየ፣ ቀጥሎ የማሽላ ማሳ፣ ቀጥሎም የሣር ክዳን ቤቶች፣ ከዚያ እንደ ክር የቀጠነች መንገድና በላይዋ የሚሄዱ ሰዎች። እሳቸውም ያለቅሱ ነበር፣ ልክ እንደ ሣቃቸው፣ ያለ ድምፅ።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጠን ተመለስን። ከዚያ በኋላ በነበረችው ቅዳሜ ከእንግዲህ የሚወጡ አልመሰለኝም። ግን ማልደው በሬን አንኳኩ።

«የት ልንሄድ ነው?» አልኋቸው።

«ወደ ፈለግሽው። አሥራ አራት ዓመት አንድ ቤት ስፈልግ መንገዱን አላየሁትም» አሉ።

ደብረ ታቦር ሁለት ዓመት ተጨማሪ ቆየሁ። ከቀድሞው ይልቅ ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው ይሄዱ ነበር። አንዲት ወፍ ለማየት ይቆማሉ። ማንነቱን ከማያውቁት ገበሬ ጋር ስለ ገብሱ ግማሽ ቀን ያወራሉ። ሰው ቤት ስንደርስ የሚጠይቁት ጥያቄ ስለሌላቸው በመጀመሪያ ትንሽ ያፍሩ ነበር፤ ኋላ «እንዲያው ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው» ማለትን ተማሩ። ከበዓለ መስቀል በኋላ በየዓመቱ እብናት ይወርዳሉ። እመት የሺን በበቅሎ ላይ አስቀምጠው ጉና ግርጌ፣ አስማረ መቃብር ድረስ የወሰዷቸው እሳቸው ናቸው። እመት የሺ «ልጄ» ይሏቸው ነበር። ሲሞቱም አያ ዳኘው ራሳቸውን ተላጭተው ከቤተ ዘመድ ጋር ቆሙ ብላ ማስተዋል ነግራኛለች፤ እኔ በዚያን ጊዜ ወደ ደሴ ተዛውሬ ነበር።

ማክሰኞ በሌሊት ተሳፍሬ ደብረ ታቦር ስገባ በጣም መሽቶ ስለነበር ሆቴል አደርሁ። ረቡዕ ሣልስቱ ነበርና በጠዋት ለቅሶው ቤት ሄድሁ። ማስተዋልን አቅፌ አልቅሼ ቀና ስል፣ ድንኳኑ ውስጥ የማላውቃቸው ብዙ የገጠር ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሃያ አምስት ሠላሳ ይሆናሉ፤ ሽማግሌ፣ ወጣት፣ ሕፃን ያዘለች ሴት። እግራቸው አቧራ ለብሷል።

«እነዚህን ሰዎች በመልክ አናውቃቸውም ነበር» አለችኝ ማስተዋል። «ትናንት ሲመሽ ደረሱ። ‹እኛም ዘመድ ነን› ብለው ገብተው አለቀሱ። ከቤቱ ሰው የእነሱ በረታ።»

ከመካከላቸው አንዲት ፀጉሯ ሸበት ያደረገ ሴት ተነሥታ መጣች። የውብዳር ናት። ሳመችኝ፣ ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«እዚህ ከተማ ያለ የመንደራችን ልጅ ሰኞ ደወለልን፤ ማክሰኞ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን» አለችኝ።

«መንገዱ ተሠርቷል ሲሉ ሰማሁ፤ መኪና አጣችሁ?»

«መኪናስ ነበር። ለእሳቸው ለቅሶ በመኪና ይመጣል?» አለች።

ከቀትር በፊት ተነሡ። መንገድ ላይ የሚያድረው የእኔ አውቶቡስ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። እስከ ከተማው ዳርቻ ልሸኛችሁ ብዬ ወጣሁ። የመጨረሻው ቤት ጋ ስንደርስ የውብዳር ቆማ «በይ እንግዲህ ተመለሽ፣ መኪናሽ ያመልጥሻል» አለችኝ። ትንሽ ልሂድ አልኋት። ማሳዎቹን አለፍን። ሴቶቹ ሕፃኑን በተራ ሲያዝሉት እኔም ተቀብዬ አዘልሁት፤ ጀርባዬ ላይ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ከፊታችን ሽማግሌዎቹ ስለ ገብሱ እያወሩ ይሄዳሉ። የውብዳር ሁለተኛ ተመለሽ አላለችኝም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ጀምረን ነበር።